አፕዴት ከገባ በኋላ የተንቀራፈፈ ኮምፒውተር፦ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። መምህር ነው። ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምንኖረው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር።

«በቃ ይሄ ነገር አለቀለት» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ዎርድ ለመክፈት አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። ሱቅ ወስጄው ፎርማት ይደረግ አሉኝ። የልጆቹ ፎቶና የአምስት ዓመት የፈተና ጥያቄዬ ግን እሱ ውስጥ ነው።»

«አብሽር» አልኩትና ከፈትነው። እውነቱን ነው፣ ማውሱ ራሱ እየተጎተተ ነበር። ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩን ምን ሥራ እንደያዘው የሚያሳየው መስኮት) ሲከፈት ዲስክ የሚለው ዓምድ ቀልቶ 100 በመቶ ይላል። ከላይ የተቀመጠው ስም ደግሞ የዊንዶውስ አፕዴት ሠራተኛ ነው።

«በቀን ስንት ሰዓት ትከፍተዋለህ?»

«ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ። ቢበዛ አንድ ሰዓት። ሲንቀራፈፍብኝ ማብሪያውን ተጭኜ አጠፋዋለሁ።»

ችግሩ እዚያው ላይ ነበር። ያን ቀን የነካነው ነገር የለም። ቻርጀሩን ሰካን፣ ዋይፋይ አገናኘን፣ ክዳኑን ሳንዘጋ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አሳደርነው። ጠዋት ስናየው ዲስኩ 3 በመቶ ላይ ወርዷል። ሪስታርት አደረግነው። ዎርድ ለመከፈት አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም። አንድም ፋይል አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በብዛት አይቻለሁ። ሁሉም በማሳደር አይድንም። ግን ፎርማት የሚያስፈልገው ከስንት አንዱ ነው። ስለዚህ እኔ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ለምን ይንቀራፈፋል?

ብዙ ሰው አፕዴት ማለት ማውረድ ይመስለዋል። ማውረዱ ግማሹ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያወረደውን መፍታት አለበት። አሮጌውን ፋይል በአዲስ መተካት፣ ምናልባት መመለስ ቢያስፈልግ የድሮውን ማስቀመጥ አለበት። ከዚያ ደግሞ አንቲቫይረሱ አዲሶቹን ፋይሎች አንድ በአንድ ይፈትሻል። የፍለጋ ማውጫውም ይታደሳል። አብዛኛው ይሄ ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ነው። ባለቤቱ ሲጠቀምበት ይቆማል ወይም ይጋፋል።

ቀኑን ሙሉ በርቶ በሚውል የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይሄ ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። እኛ ቤት ግን ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ይበራል፣ ይጠፋል። ወይ መብራት ይሄዳል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር እናትን አስቡ። ምጣዱ ገና ሲግል መብራት ቢጠፋባት፣ ሲመጣ የምትጀምረው እንደገና ከማጋል ነው። ኮምፒውተሩም እንደዚያው ነው። በየማታው ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ በየማታው ሳይጨርስ ይጠፋል። እናንተ የምታዩት ግን «አፕዴቱ ኮምፒውተሬን አበላሸው» የሚለውን ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲያ ወዲህ የሚል አንድ ክንድ አለ። አፕዴቱም፣ አንቲቫይረሱም፣ የእናንተ ዎርድም ያንኑ ክንድ ነው የሚጠብቁት። አዲሱ ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይሄ ወረፋ ብዙም አይሰማውም።

በቅድሚያ ፋይላችሁን አውጡ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የማይተካ ነገራችሁን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ሰነድ። ቀስ እያለም ቢሆን ይገለብጣል። ዴስክቶፑ ላይ የተቀመጠው ፋይልም የሚቀመጠው ዊንዶውሱ ራሱ ባለበት ሲ ድራይቭ ውስጥ መሆኑን አትርሱ። ፎርማት ሲደረግ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

1. ሥራውን ይጨርስ

ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰኩ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ፓወር የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ቻርጀር ላይ ሳለ እንዳይተኛ «ኔቨር» አድርጉት። ይሄን ካላደረጋችሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያንቀላፋል፣ ሥራውም ይቆማል። ክዳኑን አትዝጉ። ስክሪኑ ቢጠፋ ግን ችግር የለውም።

ከዚያ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ክፈቱ። በመቶኛ የሚቆጥር ነገር ካለ እየሠራ ነው ማለት ነው። ተዉት። ቀን ከሆነ ቡና አፍሉና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ዞር አትበሉበት። ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ከሆነ ግን ማሳደሩ ይሻላል።

ሲጨርስ «ሪስታርት» በሉት። «ሻት ዳውን» አይደለም። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ትልቅ ልዩነት አለው። ዊንዶውስ 10 እና 11 በአብዛኛው ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው በርቶ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ሻት ዳውን ስትሉት የስርዓቱን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚጠፋው። ስታበሩት ያንኑ መልሶ ያነሳል። ሙሉ በሙሉ ከአዲስ የሚነሳው ሪስታርት ሲባል ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ታስክ ማናጀር ውስጥ (አከፋፈቱ ቁጥር 2 ላይ አለ) ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን እዩ። «አፕ ታይም» ከሚለው ስር ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሳይደረግ የቆየበት ጊዜ ይታያል። በየማታው የሚያጠፉት ኮምፒውተር ሁለት ሳምንት ሲል ያዩ ሰዎች አሉ፣ ይደነግጣሉ።

«አፕዴት እያደረግኩ ነው፣ አታጥፉኝ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ካለ ማብሪያውን ተጭናችሁ አታጥፉ። ሰዓታት ቢወስድም ጠብቁ። መብራት ጠፍቶ ዴስክቶፑ ቢቋረጥ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ ሲነሳ ራሱ ወደኋላ መልሶ ያስተካክላል። ዴስክቶፕ ያላችሁ ግን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ብትገዙ አይቆጫችሁም። አሥር ደቂቃ ቢይዝላችሁ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል።

2. ታስክ ማናጀርን አንብቡ

ካደረ በኋላም ካልተሻለው ቀጣዩ ነገር መለካት ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች «ሞር ዲቴይልስ» የሚለውን ንኩ። ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ)፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች ታያላችሁ። የዓምዱን ርዕስ ስትነኩ ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል።

ዲስኩ ከሆነ የሞላው፣ ስሙን አንብቡ። «ዊንዶውስ ሞጁልስ ኢንስቶለር ወርከር» ካለ አፕዴቱ ገና አልጨረሰም። «አንቲማልዌር ሰርቪስ ኤክስኪዩተብል» ካለ የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ እየፈተሸ ነው። «ሰርች ኢንዴክሰር» ካለ የፍለጋ ማውጫው እየታደሰ ነው። ሦስቱም ጤነኛ ናቸው፣ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። «ኤንድ ታስክ» እያላችሁ አትግደሏቸው። መልሰው ይነሳሉ፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፣ ችግሩን ራሳችሁ ታራዝሙታላችሁ።

አሁን ፐርፎርማንስ ወደሚለው ሂዱና ዲስክን ንኩ። እዚያ ኤስኤስዲ ወይም ኤችዲዲ (የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ) ብሎ ዓይነቱን ይነግራችኋል። «አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም» የሚለውን ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ተከታተሉ። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ሥራ ሲበዛበት በአሥሮችና በመቶዎች ሚሊሰከንድ ይመልሳል። ምንም ሥራ ሳይኖረው ሁልጊዜ በሺዎች የሚቆጥር ከሆነ፣ በዚያ ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው፣ ጥፋቱ የአፕዴቱ አይደለም። ዲስኩ እየሞተ ነው። አፕዴቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ደካማውን ማጋለጥ ነው። እዚህ ላይ ሌላውን ደረጃ ሁሉ ተዉና ፋይላችሁን አድኑ።

ሜሞሪው ከሆነ ከ85 በመቶ በላይ የቆመው፣ ራም አንሷችኋል። 4 ጊጋ ራም ላይ ዊንዶውስ ብቻውን ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። ክሮም ላይ አሥር ገጽ ከተከፈተ የተረፈውም ያልቃል። ያኔ ኮምፒውተሩ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል፣ ዲስኩም ይጨናነቃል።

ሲፒዩው ከሆነና የማታውቁት ስም ከሆነ የሚበላው፣ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ክፈቱና «ፉል ስካን» አድርጉ። ከሰው ሰው በሚዞር ፍላሽ የሚመጣ ነገር አይጠፋም።

ሲፒዩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያየው። «ስፒድ» የሚለው ቁጥር ሥራ በዝቶበትም 0.4 ወይም 0.8 ጊጋኸርዝ ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ኮምፒውተሩ ራሱን እየገታ ነው። ምክንያቱ ወይ ሙቀት ነው፣ ወይ የማይመጥን ቻርጀር። አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀራቸውን ካላወቁት ፍጥነታቸውን ሆን ብለው ይቀንሳሉ። የጎረቤት ቻርጀር ተውሳችሁ ሞክሩ፣ ግን ሞዴሉ አንድ ይሁን።

3. ሲ ድራይቭ ላይ ቦታ አለ?

«ዚስ ፒሲ» የሚለውን ክፈቱ። ሲ ድራይቭ ቀይ ከሆነ አፕዴቱ የሚላወስበት ቦታ የለውም። እኔ ቢያንስ 20 ጊጋ ነፃ ቦታ እንዲኖር እመክራለሁ።

ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ቴምፖራሪ ፋይልስ። የአፕዴት ቅሪቶችን፣ የዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ፋይሎችንና ጊዜያዊ ፋይሎችን ምልክት አድርጋችሁ አጥፉ። እባካችሁ «ዳውንሎድስ» የሚለው ላይ ምልክት እንዳታደርጉ። እሱ ያወረዳችሁትን ሁሉ ነው የሚጠርገው። «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽን» የሚለውም ብዙ ጊጋ ይይዛል። ግን እሱ ከጠፋ ወደ ቀድሞው ዊንዶውስ መመለስ አይቻልም። ኮምፒውተሩ መሻሻሉን ሳታረጋግጡ አትንኩት። ለማንኛውም ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል።

ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ላይም ገብታችሁ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን አፖች «ዲሴብል» አድርጉ። ቴሌግራም፣ የዙም ማስነሻ። አይጠፉም፣ ስትፈልጓቸው ትከፍቷቸዋላችሁ።

4. አፕዴቱ ተጣብቆ ከቀረ

በየቀኑ ያንኑ አፕዴት አውርዶ፣ ያንኑ ስህተት ጽፎ የሚመለስ ከሆነ በግማሽ የወረደ ፋይል አለ ማለት ነው። መሃል ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ «ትራብልሹት» የሚለውን ፈልጋችሁ የዊንዶውስ አፕዴቱን አስነሱ። ካልሠራ በእጅ እናጽዳው።

የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። በእንግሊዝኛ ፊደል ሰርቪስስ፣ ነጥብ፣ ኤም ኤስ ሲ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ከዝርዝሩ ዊንዶውስ አፕዴትን ፈልጉ፣ ራይት ክሊክ፣ «ስቶፕ»። አሁን ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሶፍትዌር ዲስትሪቢዩሽን፣ ዳውንሎድ ወደሚለው ፎልደር ግቡ። ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፉ። ፎልደሩን ራሱን አይደለም፣ ውስጡን ብቻ። ተመለሱና አገልግሎቱን «ስታርት» በሉት። ሪስታርት። አፕዴቱ ከአዲስ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፓኬጃችሁን አስቡበት።

መብራት እየተቋረጠ የተጎዱ የስርዓት ፋይሎች ካሉ ደግሞ ሁለት ትእዛዞች አሉ። ስታርት ላይ ሲ ኤም ዲ ብላችሁ ጻፉ፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። መጀመሪያ ይሄን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፦ ዲ አይ ኤስ ኤም፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኦንላይን፣ ክፍተት፣ ስላሽ ክሊንአፕ ኢሜጅ (በሁለቱ ቃላት መሃል ያለ ክፍተት አጭር ሰረዝ ይገባል)፣ ክፍተት፣ ስላሽ ሪስቶርሄልዝ። ሪስቶርና ሄልዝ ተያይዘው ነው የሚጻፉት። ስላሹ የጥያቄ ምልክቱ ያለበት ቁልፍ ላይ ያለው ነው። ኢንተርኔት ይፈልጋል። አንዳንዴ 62.3 በመቶ ላይ ቆሞ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ አትዝጉት። ሲጨርስ ሁለተኛውን፦ ኤስ ኤፍ ሲ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ስካንናው። ይሄም ስካንና ናው ሳይለያዩ ነው። የተበላሸ ካገኘ አስተካክዬዋለሁ ብሎ ይነግራችኋል።

5. አንድ አፕዴት ብቻ ከሆነ ጥፋተኛው

ትናንት ደህና ነበር፣ አደረም፣ ተለካም፣ ግን ከዚያ አፕዴት ወዲህ ብቻ ነው ከተባለ ማውጣት ይቻላል። ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «አፕዴት ሂስትሪ»፣ ከዚያ «አንኢንስቶል አፕዴትስ»። በቀን ተደርድረዋል። የመጨረሻውን አውጡና ሪስታርት አድርጉ። ቪዲዮ ብቻ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ወይም ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ካለ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ድራይቨር፣ «ሮል ባክ ድራይቨር» ይበቃል። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ተሻግሮ ከሆነ የተንቀራፈፈው፣ ሪከቨሪ የሚለው ውስጥ «ጎ ባክ» አለ። ለ10 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፣ አትዘግዩ።

6. ሙቀትና ብናኝ

ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት አንድ ዴስክቶፕ አለ። እትዬ ሳሎኑን በጣም ነው የምታሳምረው። ማሽኑንም በጥልፍ ዳንቴል ሸፍናዋለች፣ ፊቱንም ጀርባውንም። አፕዴት በገባ ቁጥር ይንቀራፈፋል ብላ ጠራችኝ። ዳንቴሉን ሳነሳው ከጀርባው የሚወጣው አየር ፊቴን ገረፈው። ጎኑን ስከፍት የሲፒዩው ፋን በብናኝ ተሸፍኖ የጥጥ ንድፍ መስሏል። በአዘቦቱ ቀን አይታወቅም ነበር። አፕዴት ሲመጣ ግን ፕሮሰሰሩ ለሰዓታት ይሠራል፣ ይግላል፣ ራሱን ይገታል።

ከሐረጎ ቁልቁል ወርዶ፣ ኮምቦልቻ በኩል ያለው ሙቀት ለኮምፒውተር ከባድ ነው። ደሴም ቢሆን አትተማመኑ። ብርድ ነው ብለን ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጠን አልጋ ውስጥ እንሠራለን፣ መተንፈሻው ከስር ይታፈናል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን ነቅላችሁ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፣ ፋኑን በጣታችሁ ይዛችሁ እንዳይሽከረከር። በእርጥብ ጨርቅ አይሆንም።

7. ገንዘብ ማውጣት ካስፈለገ

ይሄን ሁሉ አልፋችሁ ዲስካችሁ ኤችዲዲ ከሆነ ገንዘባችሁን ኤስኤስዲ ላይ አውጡ። ራም ሁለተኛ ነው። 240 ጊጋ ለተራ የቤት ሥራ ይበቃል። ሱቅ ስትሄዱ «ፎርማት አድርጉልኝ» አትበሉ። «ክሎን አድርጉልኝ፣ የድሮውን ዲስክም መልሱልኝ» በሉ። ክሎን ሲደረግ ዊንዶውሱ ከነፋይሉ፣ ከነፕሮግራሙ ነው የሚገለበጠው። የድሮው ዲስክ ደግሞ ለመጠባበቂያ ይሆናችኋል።

ዊንዶውስ 10 ላይ ላላችሁ አንድ ነገር። ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የተጨማሪ ደህንነት አፕዴት ለግል ተጠቃሚ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. አለ። መመዝገቢያው እዚያው አፕዴት ገጹ ላይ ይታያል። ወደ 11 ለመሻገር 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። 4 ጊጋ ይበቃል ቢባልም ከ8 በታች ሆናችሁ አትሻገሩ፣ ትቸገራላችሁ።

እንዳይደገም

አፕዴቱን ለዘለዓለም የሚዘጉ ፕሮግራሞች አሉ። አልመክርም። የባንክ መልእክትና የልጆች ፎቶ ያለበትን ማሽን በር ክፍት አድርጎ መተው ነው። ይልቅ ሰዓቱን እናንተ ምረጡለት።

የየወሩ ዋና አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። በሞባይል ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቃችሁ አያወርድም፣ ፓኬጃችሁም አይበላም። አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ደግሞ «አክቲቭ አወርስ» አለ፣ እስከ 18 ሰዓት ይሰጣል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ራሱ ሪስታርት አያደርግም። ሰዓቱን ስትሞሉ ተጠንቀቁ፣ የእኛ ማታ 2 ሰዓት እሱ ጋ ከቀትር በኋላ 8 ነው። ፈተና ወይም አስቸኳይ ሥራ ካለባችሁ «ፖዝ» ብላችሁ እስከ አምስት ሳምንት ታቆሙታላችሁ።

ጎረቤቴ አሁን በወር አንድ ሌሊት ይመርጣል፣ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ። ከእራት በኋላ ሜትርዱን ያጠፋል፣ ቻርጀሩን ይሰካል፣ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» ይላል፣ ክዳኑን ሳይዘጋ ይተኛል። እሁድ ጠዋት ሪስታርት ያደርግና ሜትርዱን መልሶ ያበራል።